የተከበበ ዓይን

አማርኛ የሰውን ኀፍረትና ድፍረት ያኖረው በዓይን ላይ ነው። ትሑቱን «ዓይን አፋር»፣ ይሉኝታ ቢሱን «ዓይን አውጣ»፣ ጥፋቱ ፊት ለፊት ሲነገረው የማይሸማቀቀውን «ዓይነ ደረቅ» ይለዋል። እውነት ሲፈለግም «ዓይኔን እያየህ ንገረኝ» ይባላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ዓይን ማያ ብቻ አይደለም፤ መታያም ነው። የሚያይ ሰው በዚያችው ቅጽበት ይታያል፣ ስለሚታይም ይጠየቃል። ፊትን ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚከብበው መነጽርና ተመልካችን ከግራ ከቀኝ የሚከብበው የፊልም ሸራ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆኑት ከዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ለዓይን ብዙ ይሰጣሉ። በምላሹ የሚወስዱት ምንድን ነው?

ዓይንን መከለል በራሱ ነውር እንዳልሆነ አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት የኢኑዊት ሕዝቦች ከአጥንትና ከእንጨት ጠርበው፣ ፊት ላይ ልክክ የሚል፣ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ያለው የዓይን መከለያ ሲሠሩ ኖረዋል። ከበረዶ የሚንጸባረቀው ብርሃን ዓይን ያሳውራልና አዳኙ ያለዚያ ስንጥቅ መንገዱን አያገኝም። የኔዘርላንዱ እግር ኳስ ተጫዋች ኤድጋር ዴቪድስም ከ1999 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መነጽር አጥልቆ የተጫወተው ግላኮማ ስለያዘው ነበር። እንዲህ ያለው ከለላ የሥራ መሣሪያ ነው።

ነገሩ የሚለወጠው መሣሪያው ወደ መልክ ሲሻገር ነው። በ1984 ኦክሊ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «አይሼድስ» የተሰኘ ሰፊ መነጽር ለብስክሌተኞች አወጣ። የ1986ቱ የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ ግሬግ ሌሞንድ የዚህን ዓይነት መነጽር አድርጎ ሲጋልብ ታየ። ነፋስና አቧራ መከላከሉ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ዳገት ላይ ተፎካካሪ ተፎካካሪውን የሚያነበው ከዓይኑ ነው፤ ድካም ከእግር አስቀድሞ ዓይን ላይ ይወጣል። መነጽሩ ይህን ንባብ ከለከለ። ቆይቶም ብስክሌት ነክቶ የማያውቀው ከተሜ አጠለቀው፤ እርሱ የሚከለለው ከነፋስ ሳይሆን ከሰው ነው።

በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የትሪኒዳዱ አጭር ርቀት ሯጭ አቶ ቦልደን («አቶ» ስሙ እንጂ ማዕረጉ አይደለም) በጆሮ ሳይሆን በራስ ቅል ላይ አልፎ የሚያዝ መነጽር አድርጎ ቀረበ። በዚያው ስታዲየም፣ በዚያው ሰሞን ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፖል ቴርጋት 10,000 ሜትርን ሮጠው በ0.09 ሰከንድ ተለያዩ። ያን ፍጻሜ ያየ ሰው ከሰዓቱ ይልቅ የሚያስታውሰው ምንም ያልሸፈናቸውን ሁለት ፊቶች ነው።

ሸራውም የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካዊው ፍሬድ ዋለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአውሮፕላን ተኳሾች የሚሠለጥኑበትን፣ በአምስት ፕሮጀክተሮች የሚሠራ ከባቢ ሸራ ሠርቶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ይህንኑ ሐሳብ ለመዝናኛ አዋለው። ሲኔራማ የተባለው ሥራው መስከረም 30 ቀን 1952 በኒውዮርክ ተከፈተ፦ ሦስት ፕሮጀክተር፣ 146 ዲግሪ የሚሸፍን ጎባጣ ሸራ። ትርኢቱ የጀመረው ሎዌል ቶማስ በትንሽ ጥቁርና ነጭ ምስል ሲናገር ነበር። ከዚያ መጋረጃው ወደ ግራና ቀኝ ተገለጠ፤ ተመልካቹም በመዝናኛ ሥፍራ ሽቅብ ቁልቁል በሚወረወር ባቡር ላይ የተሳፈረ ያህል ተሰማው።

አዘጋጆቹ ያን ትንሽ ምስል ማስቀደማቸው ብልሃት ነው፤ ጠርዝ ያላየ ሰው የጠርዝ መጥፋት አይሰማውምና። ግን ጠርዝ ለኪነ ጥበብ እንዲሁ የተጣለ ወሰን ነውን? ተመልካች መድረክ የት እንደሚያበቃ ስለሚያይ «ይህን ያሳየኝ ሌላ ሰው ነው፤ ለምን እንዲህ አሳየኝ?» ሊል ይችላል። ጠርዙ ሲጠፋ ምስክር የነበረው ተሳፋሪ ይሆናል። ተኳሽን ለማሠልጠን ይህ ይበጅ ይሆናል፤ በጥይት ፊት የሚቆም ሰው ተመልሶ እንዲጠይቅ አይፈለግምና። ለቴአትር ግን አይበጅም።

በዚሁ ስልት በ1962 «ሃው ዘ ዌስት ዎዝ ዎን» የተባለው ፊልም ሲሠራ ተዋንያኑ አስገራሚ ችግር ገጠማቸው። በተለያዩ የሸራው ክፍሎች የሚታዩ ሁለት ሰዎች ከምር ዓይን ለዓይን ከተያዩ በሸራው ላይ የተያዩ አይመስሉም ነበር። ስለዚህ የተያዩ ለመምሰል ትንሽ አለፍ ብለው ባዶውን አየር እንዲያዩ ተደረገ። ተዋናይ ስሜቱን የሚቀበለው ከጓደኛው ዓይን መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ የዋጋውን ክብደት ይገምታል።

መነጽሩና ሸራው ኋላ አንድ ዕቃ ሆነዋል። በ2024 ለገበያ የቀረበው አፕል ቪዥን ፕሮ ፊት ላይ ታስሮ ዓይንን ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው አንድ ነገር እንደጎደለ ሳይገነዘቡ አልቀሩም፤ በውጭው ገጽ ላይ ሌላ ማሳያ ጨመሩበት። ሰው ሲቀርብ በዚያ ማሳያ ላይ የባለቤቱ ዓይኖች ብቅ ይላሉ፤ ያርገበግባሉ፤ ወደ መጣው ሰውም ያዩ ይመስላሉ። ዓይኖቹ ግን አስቀድሞ ከተቀረጸ የፊቱ ምስል መሣሪያው የሚሠራቸው ሥዕሎች ናቸው። እንግዳው የሚያወራው ከሥዕሎቹ ጋር ነው።