በሰው ዓይን ማንበብ

መነፅር ያደረገን ሰው «አካል ጉዳተኛ» የሚለው የለም። መነፅሩንም «የድጋፍ መሣሪያ» ብሎ የሚጠራው አይገኝም፤ መነፅር ነው፣ በቃ። ዓይነ ስውር ተማሪ ግን የኮምፒውተሩን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብለትን ፕሮግራም ሲከፍት «ተረዳ» እንላለን። ሁለቱም የሚያነቡት ያንኑ ገጽ ነው። ታዲያ የአንዱ መሣሪያ ተራ ዕቃ፣ የሌላው ችሮታ የሆነው ስለምንድን ነው?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ነገሩ ችሮታ ከሆነ ሰጪው ሲመቸው ይሰጣል፣ ካልተመቸው ይተዋል፤ ተቀባዩም አመስግኖ ከመቀበል በቀር የሚናገረው አይኖረውም። መብት ከሆነ ግን ሲጓደል «ለምን?» ብሎ የመጠየቅ አፍ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1808 ገደማ ፔሌግሪኖ ቱሪ የተባለ ጣሊያናዊ ለዓይነ ስውሯ ባላባት ለካሮሊና ፋንቶኒ አንድ የጽሕፈት መኪና ሠራላት። በታሪክ ከሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ የጽሕፈት መኪናዎች አንዱ ነው። መኪናው ዛሬ የለም፤ በእርሱ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ግን ተርፈዋል። ይህች ሴት ባላባት እንደመሆኗ ቃሏን ተቀብሎ የሚጽፍላት ሰው የምታጣ አይመስለኝም። መኪናው የሰጣት ሌላ ነገር ነው፤ ሦስተኛ ሰው ሳይሰማ ለወዳጇ መጻፍን።

ወደ እኛው አገር እንመለስ። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚባል አለ። መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ሰምቶ ይይዛል። ዓይናቸው የማያይ የቅኔ መምህራን መገኘታቸውም ማንንም አያስገርምም፤ ጉባኤው በጆሮ የቆመ ነውና። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ግን ዕውቀት በወረቀትና በሰሌዳ ላይ ሰፈረ። ያው ሰው፣ በዚያው ጭንቅላቱ፣ የሚያነብለት ሌላ ሰው ፈላጊ ሆነ።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዓይነ ስውር ተማሪ ጮክ ብሎ ማንበብ የቆየ በጎ ልማድ ነው። እኔም በተማሪነቴ ዘመን አንብቤያለሁ፤ ሥራው ደስታ እንዳለው እመሰክራለሁ። ይሁን እንጂ አንባቢ የሚመጣው በራሱ ሰዓት ነው። «ይህችን ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ድገምልኝ» ለማለት ይሉኝታ ይይዛል። ከቤት የመጣ ደብዳቤ፣ የፈተና ውጤት፣ የሐኪም ወረቀት፣ የፍቅር ቃል፣ ሁሉም በቅድሚያ በሌላ ሰው ዓይን ውስጥ ያልፋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው ዓይንም የቱንም ያህል ቸር ቢሆን የሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በመኪና አደጋ ዓይኑን ያጣው አሜሪካዊው የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ቴድ ሄንተር፣ በ1989 ጆውስ የተባለው የስክሪን ማንበቢያ ለገበያ እንዲቀርብ አደረገ። በ2006 ደግሞ ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ወጣት በነጻ የሚታደለውን ኤንቪዲኤ መሥራት ጀመረ። ይኸው ፕሮግራም ዛሬ አማርኛም ያነባል። ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው፣ ለዛ የለውም። ነገር ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢቀሰቅሱት ይነሣል፣ አሥር ጊዜ ድገም ቢሉት አይሰለችም፣ ያነበበውንም ለማንም አያወራም።

አንዳንዱ «ማሽን ሰውን ከሰው ይለያል፤ የመተጋገዝ ባህላችንን ያጠፋል» ይላል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ግን እንጠይቅ፤ ወዳጁ ስለሚፈልገው ብቻ የቆመ ወዳጅነት ወዳጅነት ነው ወይ? ያ ተማሪ መጽሐፉን ብቻውን ካነበበ በኋላ ስለ መጽሐፉ ሊከራከረን ቢመጣ፣ ቀድሞ ተረጂና ረጂ የነበርን ያን ጊዜ ጓደኛሞች ሆንን ማለት ነው።

ሌላው «ወንበርና ጠመኔ ባልተሟላበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። መሣሪያ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አይካድም። ነገር ግን ከሁሉ የከፋው መሰናክል ብዙ ጊዜ የገንዘብ አይደለም። የስክሪን ማንበቢያ የሚያነበው ጽሑፍን ነው፤ የጽሑፍ ፎቶግራፍ በራሱ ለእርሱ ባዶ ገጽ ነው። መምህሩ ማስታወሻውን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ቢልክ ለሚያየው ደረሰ፣ ለማያየው አልደረሰም። ጽሑፉ ተተይቦ ቢላክ ግን ለሁለቱም ይደርሳል።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኮምፒውተር ከተጻፈው አማርኛ ብዙው ለዓይን ፊደል፣ ለማሽኑ ግን የላቲን ሆሄያት ዝብርቅርቅ ነው፤ የያኔዎቹ ፕሮግራሞች የፊደላችንን ቅርጽ በላቲን ኮድ ላይ ይጭኑት ነበርና። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ በአሮጌው ዘዴ መጻፍን የቀጠለ ሁሉ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ በር ዘግቶ ሲጽፍ ኖሯል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ስለዚህ ጉዳዩ በሕግ ከችሮታ ወጥቷል። በልባችን ግን የወጣ አይመስለኝም። ለዓይነ ስውር ተማሪ ኮምፒውተር ሲታደል እናጨበጭባለን፤ በማግሥቱ የማይነበብ ወረቀት እንልክለታለን። ምጽዋት ሰጪውን ያስመሰግናል፤ በሥርዓት የተተየበ ማስታወሻ ግን ማንንም አያስመሰግንም።

የእርዳታ ደግነት የሚለካው በዚህ ይመስለኛል፤ ረጂውን ከነጭራሹ አላስፈላጊ ለማድረግ በመድፈሩ። ማንበብ ለምናነብላቸው ሰዎች ከሆነ፣ ያለ እኛ ማንበብ የሚችሉበትን ቀን ከእነርሱ እኩል ልንናፍቀው ይገባል። ካልናፈቅነው ግን የምንወደው እነርሱን ነው ወይስ የራሳችንን ድምፅ?