የወረፋ ሚዛን

አክስቴ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ለቀዶ ጥገና ሁለት ጊዜ ተዘጋጅተው፣ ሁለቱንም ጊዜ ‹‹እማማ፣ ዛሬ ተራዎ አልደረሰም›› ተብለው ወደ አልጋቸው ተመልሰዋል። ለምን ብዬ ብጠይቅ ደብተሩ ተገለጠልኝ፤ ስማቸው ከሁሉም በታች ሰፍሯል። ማን እዚያ እንዳሰፈረውና በምን መዝኖ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በበለጸጉት አገሮች ባሉ አንዳንድ ሆስፒታሎች እንዲህ ያለውን ደብተር የኮምፒዩተር ስሌት ተረክቦታል። ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ዐሥር ሕሙማንን በአንድ ክፍል ተራ በተራ ለማስገባት እንኳ 3,628,800 ዓይነት አደራደር አለ። በዚያ ላይ ቀዶ ሐኪሙ፣ ማደንዘዣ ሰጪው፣ የጸዳው መሣሪያና በኋላ የሚታረፍበት አልጋ መገጣጠም አለባቸው። ስሌቱ ከዚህ ሁሉ መካከል የተሻለውን ይመርጣል። ለመሆኑ፣ የተሻለው ለማን?

ሦስት ሕሙማን አሉ እንበል። የአንዱ ቀዶ ጥገና 1 ሰዓት፣ የሁለተኛው 2፣ የሦስተኛው 5 ሰዓት ይፈጃል። አጭር አጭሩን ካስቀደምን ሦስቱ የሚጠብቁት ተደምሮ 4 ሰዓት ነው። ባለ አምስት ሰዓቱን አስቀድመን ሁለቱን ብናስከትል 11 ሰዓት ይሆናል። አጭሩ ይቅደም የሚለውን ሕግ ስሚዝ የተባለ ተመራማሪ በ1956 እ.ኤ.አ. በቀመር አረጋግጦታል፤ ያረጋገጠው ግን ለፋብሪካ ሥራ ነበር። ተራ የሚጠብቅ ብረት አይራብም፣ አይፈራም። በሆስፒታል የጠዋቱ ሥራ አንድ ሰዓት ከዘገየ ባለ አምስት ሰዓቱ ለነገ ይባላል፤ ነገ ደግሞ ሌሎች ባለ አጭር ሰዓት ሕሙማን ይመጣሉ። ድምሩ ያምራል፣ ሰውየው ግን አልገባም።

ስሚዝ ለዚህም መላ አለው። ለእያንዳንዱ ክብደት ይሰጥና ለሚፈጀው ሰዓት ይካፈላል፤ ብዙ የደረሰው ይቀድማል። ለሁለቱ 1፣ 1 ሰጥተን ለባለ አምስት ሰዓቱ 6 ብንሰጠው አንደኛ ይገባል። እንግዲህ ያቺን 6 የሚጽፋት ኮምፒዩተሩ አይደለም። የአንድ ሰው ሕመም ከሌላው ስድስት እጥፍ ይከብዳል ብሎ የሚፈርድ ሰው አለ ማለት ነው።

‹‹ሰውን በቁጥር መመዘን ነውር ነው›› የሚል አይጠፋም። ግን ደብተሩስ አይመዝንም ነበር? በአገራችን ወረፋ ዘመድ ያለው ስሙ ወደ ላይ ሲወጣ ያላየ ማን ነው? የደብተሩ ሚዛን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ የተደበቀ ነው፤ የስሌቱ ግን ተጽፏል፣ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ እኔ ስሌቱን እመርጣለሁ፤ ክብደቶቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ፣ ‹‹እኔ ነኝ የወሰንኩት›› የሚል ሐኪምም ከሥራቸው ይፈርም። ስሌት ክፍል እንደማይሠራም አንርሳ፦ የላንሴት ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰው አስተማማኝና አቅሙ የሚፈቅደውን ቀዶ ሕክምና አያገኝም። ክፍሉ ባነሰ መጠን የዚያች ቁጥር ጉልበት ይበረታል።

በሦስተኛው ቀጠሮ ዋዜማ አክስቴ ስለ ሕመማቸው አላነሡም። ‹‹ነገም ተርቤ ልመለስ ይሆን?›› አሉኝ። መልስ የሚሰጠኝ ሰው ፍለጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።