እንቅልፍ የሸሸው ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ጾም ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ስግደትም እንዲሁ። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ለንስሐ አባቱ እንኳ ለመናገር የሚያፍርበትን ነገር እናንሣ። ኩራዙ ጠፍቶ፣ ልጆች ተኝተው፣ ከብቱ ማመስኳቱን ሲያቆም፣ እሱ ብቻ ጣራ ጣራውን እያየ ዶሮ የሚጮኽበት ሰው አለ። ነገሩ ስለዚህ ሰው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም ወራት ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርጄ ነበር። እዚያ ወገቤን፣ ጉልበቴን የሚል ሁሉ ይመጣል። ማታ ከተቀመጥንበት አንዲት ከፎገራ ሜዳ የመጡ እናት ጠጋ ብለው፦ «ልጄ ዲያቆን፣ እኔን ያመመኝስ ጉልበቴ አይደለም። እንቅልፍ ነው የነሣኝ» አሉኝ። እኔም ተምሬያለሁ ባይ ነኝና ወዲያው መልስ ሰጠሁ፦ «እናቴ፣ ጸሎት አጉድለው ይሆናል። ዳዊት ያስደግሙ፣ ስግደትም ይጨምሩ።» «እሺ ልጄ» ብለው ዝም አሉ።

አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ግን እኔ ያልጠየቅሁትን ጠየቁ። «እቴ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?» አሏቸው። እናትዮዋ አለቀሱ። ለካ በ2014 ዓ.ም. ወደ ጦርነቱ ሄዶ ከዚያ ወዲህ ወሬው የጠፋ ልጅ አላቸው። ውሻ በጮኸ ቁጥር እሱ የመጣ እየመሰላቸው ይነሣሉ፤ በር ከፍተው ያያሉ፤ ተመልሰው ይጋደማሉ። ቄሱም፦ «ስሙን ለቅዳሴ ስጪ፣ በጸሎት ይታሰብ። አንቺም ማታ ማታ አደራ ለእመቤታችን ስጪና ተኚ። እሱ ቢመጣ ውሻው ይቀሰቅስሻል» አሏቸው። ስለ ስግደት አንዲት ቃል አልተናገሩም። ይልቁንም በባዶ ሆድ እንዳያድሩ፣ ወረታ ሲመለሱም ጤና ጣቢያ እንዲታዩ አዘዟቸው። እኔ ያን ሌሊት ራሴ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ አፍሬ ነው።

እንግዲህ እንቅልፍ ያጣ ሁሉ እምነት የጎደለው ነውን? አይደለም። ያዕቆብ የላባን በጎች ሲጠብቅ ቀን ሐሩሩ፣ ሌሊት ቁሩ እየበላው እንቅልፍ ከዓይኑ እንደ ጠፋ ራሱ ተናግሯል (ዘፍ. 31፥40)። ንጉሥ ዳዊት አንድ ሌሊት በሰላም ተጋድሞ ያንቀላፋል (መዝ. 4፥8)፤ ሌላ ሌሊት ደግሞ አልጋውን በእንባ ያርሳል (መዝ. 6፥6)። ያው አንዱ ዳዊት ነው እኮ! ከሁሉ በላይ ጌታችን በማዕበል በምትናወጥ ታንኳ ላይ ተኝቶ ነበር (ማር. 4፥38)፤ በጌቴሴማኒ ግን ደቀ መዛሙርቱ ሲተኙ እሱ ወዙ እንደ ደም እስኪወርድ ነቅቶ አደረ። መተኛትንም አለመተኛትንም በሥጋው ተቀበለ። ስለዚህ ትራስ ላይ የሚገላበጠውን ሰው «እምነት የለህም» ከማለታችን በፊት አፋችንን እንያዝ። ይህን የምጽፈው አፌን ያልያዝሁት ሰው ነኝ።

ይሁን እንጂ ምክንያቱ ልዩ ልዩ ነው። ይህ ጾም የሚውልበት ወቅት በእኛ ሜዳ የመስኖ ወቅት ነው። ሩዙ ተወቅቶ ገብቷል፤ በርብና በጉማራ ዳር የውኃ ሞተሩ ሲያጓራ ያድራል፤ ሽንኩርቱ ሊነሣ ነው። ገበሬው ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒት ተበድሯል፤ ሽንኩርቱ ግን የሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ዋጋው ይወድቃል። ሰውነቱ በሥራ ደቅቆ ሳለ ልቡ ሌሊቱን ሙሉ ሒሳብ ይሠራል። ሰሎሞን የሠራተኛ እንቅልፍ ጥቂት ቢበላም ብዙ ቢበላም ጣፋጭ እንደ ሆነ፣ የባለጠጋ ጥጋብ ግን እንደማያስተኛ አስተምሯል (መክ. 5፥12)። ኧረ የእኛ ሰው ባለጠጋም ሳይሆን የባለጠጋውን ጭንቀት ወረሰ! ለዚህ ሒሳቡን በቀን፣ ከሚስት ጋር፣ በብርሃን መጨረስ ይረዳል። በጨለማ የሚሠራ ሒሳብ ዕዳውን ያበዛዋል እንጂ አይከፍልም።

ሌላም አለ። ንጉሥ አርጤክስስ እንቅልፍ ቢያጣ የዘመን መዝገብ አስነበበ፤ በዚያም ሕይወቱን ላዳነው ለመርዶክዮስ ምንም እንዳልተደረገለት አገኘ (አስ. 6፥1-3)። አንዳንዱ ሌሊት እንዲህ ነው፤ የረሳነውን የሰው ዕዳ ያነብልናል። የርብ ውኃ ሞልቶ ወሰን ባጠፋ ጊዜ ድንበር ገፍቶ፣ ከወንድሙ ተኳርፎ የሚተኛ ሰው ዳዊት ቢደግም ምን ይረዳዋል? ሐዋርያው በቁጣችን ላይ ፀሐይ እንዳይገባ አዝዟል (ኤፌ. 4፥26)። ሽማግሌ ልኮ መታረቅ እኮ የማታ ጸሎት አንዱ ክፍል ነው።

የሥጋውንም ነገር አንናቅ። ቡና ጾም አይሽርም፤ እንቅልፍን ግን ይሽራል። ማታ በ2 ሰዓት የጠጣነው ቡና ኃይሉ ግማሹ ገና ሌሊት በ7 ሰዓት ገደማ በሰውነታችን ውስጥ አለ። ቀኑን ስንጾም ውለን ማታ አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ደርድረን «ሰይጣን እንቅልፍ ነሣኝ» ማለት ሰይጣንን በማያውቀው መክሰስ ነው። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን ሌሊት አቋርጦ ይቀሰቅሳል። ስልኩም ከራስጌ ይራቅ። እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት 3 ሌሊት እየሆነ 3 ወር ከዘለቀ ሐኪሞች ሕመም ይሉታል፤ ያን ጊዜ መታከም ይገባል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ ይላል፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

ይህን ሁሉ አድርጎ እንቅልፍ ካልመጣስ? ታግሎ የሚያመጣው የለም፤ የታገሉት ይሸሻል። ቤተ ክርስቲያናችን በቀንና በሌሊት ከደነገገቻቸው ሰባት የጸሎት ጊዜያት አንዱ ንዋም፣ አንዱም መንፈቀ ሌሊት ነው። ጳውሎስና ሲላስ በእስር ቤት በመንፈቀ ሌሊት ጸለዩ (ሐዋ. 16፥25)። ተነሡ፣ ቤት ሰው ሳትቀሰቅሱ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፣ ስማቸው ልባችሁን የከበደውን ሰዎች አንድ በአንድ ጥሩ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ጋደም በሉ። ረጅም ጸሎት ለመጨረስ ራስን አታስጨንቁ።

ኒቆዲሞስም እኮ በሌሊት ነው የመጣው (ዮሐ. 3፥2)። አይሁድን ፈርቶ ነው ይባላል፤ ይሆናል። እኔ ግን እንቅልፍ የነሣው ጥያቄም የነበረው ይመስለኛል። ጌታችን «ሲነጋ ና» አላለውም፤ ምሥጢረ ጥምቀትን ያህል ነገር በዚያ ጨለማ ገለጠለት።

ያቺን እናት ባለፈው ዓመት ወረታ ገበያ አገኘኋቸው። ልጃቸው አልመጣም። «እንቅልፍስ?» አልኋቸው። «ከመንፈቀ ሌሊት በፊት ይወስደኛል ልጄ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለእሱ እጸልይበታለሁ» አሉኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።