ሽፋን ምን ይሸፍናል?

የሸፈነ ነገር ይጋርዳል። መጽሐፍ ሻጭ ግን ሽፋኑን ወደ መንገደኛው አዙሮ የሚደረድረው እንዲያሳይለት ነው። እየጋረደ የሚያሳይ ነገር ምን ይባላል? የቆዩ የመጽሐፍ ሽፋኖችን የሚሰበስብ ሰውስ የሚሰበስበው ምኑን ነው?

ጥያቄውን ያከበደብኝ የአሜሪካዊው ዲዛይነር የአልቪን ለስቲግ ሕይወት ነው። ለስቲግ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኒው ዳይሬክሽንስ ለተባለው አሳታሚ ሽፋን ሲሠራ ከታሪኩ አንድ ትዕይንት መርጦ አይሥልም ነበር። ድርሰቱን ያነባል፤ የደራሲውን መንፈስ ይፈልጋል፤ ያገኘውን በቅርጽና በቀለም ይናገራል። የስፔናዊው ገጣሚ የሎርካ ሦስት አሳዛኝ ተውኔቶች በታተሙበት መጽሐፍ ሽፋን ላይ አንድም ተዋናይ የለም። ያሉት አምስት ፎቶግራፎች ናቸው፤ በአንደኛው የደራሲው ስም አሸዋ ላይ ተጽፏል። ሎርካ እ.ኤ.አ. በ1936 ተገድሎ አስከሬኑ እንዳልተገኘ ለሚያውቅ ሰው፣ ያ በአሸዋ ላይ የተጻፈ ስም ልብ ይነካል።

ሽፋን የገበያ ዕቃ ነው የሚል ሰው አልተሳሳተም። የሚታተመው መጽሐፉ እንዲሸጥ ነው፤ ብዙ ገዢም ተነቃዩን የወረቀት ሽፋን አውልቆ ይጥለው ነበር። ነገር ግን አማርኛችን ለሰው ፊትም ለመጽሐፍ ቅጠልም «ገጽ» የሚል አንድ ቃል ይዟል። ፊት የሰውን ውስጥ ይጋርዳል፤ ሆኖም ኀዘኑንም ደስታውንም የምናነበው ከፊቱ ላይ ነው። የለስቲግ ሽፋንም እንዲሁ ነው፤ አንድ አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ ፊቱ ላይ የቀረው ስሜት ነው። እንግዲያው ሰብሳቢው የሚሰበስበው የሌላን ሰው ንባብ ነው እላለሁ።

ለስቲግ በስኳር በሽታ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1954 ዓይኑ ጠፋ። ሥራውን ግን አልተወም። ልኩን በቁጥር፣ ቀለሙን ደግሞ ቤታቸው ያለውን ወንበር ወይም ሶፋ እየጠቀሰ ለባለቤቱ ለኢሌንና ለረዳቶቹ ይነግራቸው ነበር፤ እነርሱም ወረቀት ላይ ያሰፍሩለታል። እ.ኤ.አ. በ1955 በ40 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ለሜሪዲያን መጻሕፍት የጀመራቸውን ሽፋኖች ኢሌን ጨረሰቻቸው፤ ከዚያም በራሷ ስም የምትታወቅ ዲዛይነር ሆነች።

ሽፋን እጅ ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ማየት የተሳነው ሰው እንዴት ይሠራዋል? ወረቀቱ ላይ ከመስፈሩ በፊት በሐሳቡ ውስጥ ነበር፤ በቃልም ወደ ሌላ ሰው እጅ ተሻገረ። ሰብሳቢ ላይ የሚወድቀው ዕዳም ከዚህ ይመጣል። ሽፋኑን በፕላስቲክ ጠቅልሎ መጽሐፉን ሳይገልጥ የሚያኖር ሰው መልሱን ይዞ ጥያቄውን አልሰማም። ለስቲግ ብርሃኑን ሲያጣ ሽፋኑ በውስጡ ቀረለት፤ ያላነበበው ሰብሳቢ ግን ሽፋኑ ፊቱ ተቀምጦ አያየውም። የሎርካን ተውኔቶች አንብቦ የጨረሰ ሰው መጽሐፉን ይክደንና ያንን አሸዋ እንደገና ይመልከተው፤ ያን ጊዜ ሽፋኑ የእርሱ ይሆናል።