በብር ላይ ያለው መልክና በሰው ላይ ያለው መልክ

ጌታችን ለቄሣር ግብር ስለ መስጠት በተጠየቀ ጊዜ ዲናር አስመጥቶ፥ በላይዋ ያለው መልክና ጽሕፈት የማን እንደ ሆነ መልሶ ጠየቃቸው (ማቴ. 22)። ብዙ ሊቃውንት ይህች ዲናር የጢባርዮስ ቄሣር የብር ገንዘብ እንደ ነበረች ያስባሉ። በአንዱ ገጽ የንጉሡ ራስ አክሊል ደፍቶ ተቀርጿል፤ በዙሪያውም አምላክ የተባለው የአውግስጦስ ልጅ መሆኑ ተጽፏል፤ በሌላው ገጽ ሊቀ ካህናት የሚል ማዕርግ አለ። እንግዲህ ብሩ እውነተኛ ሲሆን ጽሕፈቱ ሐሰት ነበረ። ጌታችንም ብሩን ለባለ መልኩ ተወለት፤ የእግዚአብሔርን ግን ለእግዚአብሔር አስቀረ። የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ምንድር ነው ቢሉ ሰው ነው፤ በአርአያው ተፈጥሯልና (ዘፍ. 1)።

በአገራችንም በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ ገንዘብ ሲያሠራ ከራሱ መልክ በላይ የጨረቃና የፀሐይ ምልክት አስቀረጸ። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና በክርስቶስ ባመነ ጊዜ ያን ምልክት አንሥቶ መስቀል አደረገበት። የንጉሡ መልክ አልተፋቀም፤ ነገር ግን ከንጉሥ በላይ ጌታ እንዳለ ገንዘቡ ራሱ መሰከረ። ኋላም 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ብር ከመቶ ዓመት በላይ በገበያችን ሲዘዋወር፥ አንጥረኞች ብዙውን አቅልጠው የአንገት መስቀል ሠሩበት። የባዕድ ንግሥት መልክ በእሳት ጠፋ፤ ብሩ ግን ከበረ።

ይህን ትምህርት ወደ ጂንካ እናምጣው። ከጂንካ በማጎ በኩል ወደ ሙርሲ አገር የሚወርድ እንግዳ የሰውን መልክ በፎቶግራፍ አንሥቶ ብር ይከፍላል። ዱሮ መልክ ብሩን ያስከብር ነበር፤ ዛሬ ግን መልክ በብር ይለካል። ድኻ ቆሞ ለዋለበት ዋጋ ቢቀበል አንነቅፈውም። ነገር ግን የከፈለው ሰው መልኩን ገዛሁት ቢል ይስታል፤ የገዛው ጥላውን ነው። መልኩስ የእግዚአብሔር ነውና ገዢም ሻጭም የለውም።

እኛስ፥ ምእመናን ሆይ! በቅዳሜ ገበያ ጎረቤታችንን ስለ ከንፈሩ ጌጥ ወይም ስለ ልብሱ ብንንቀው፥ የቄሣርን ብር በመቀነት ቋጥረን የእግዚአብሔርን ዲናር በጭቃ እንደ ጣልን ይቈጠርብናል። ገና አልተጠመቀምና አይመስለንም የሚል ቢኖር፥ አርአያ የተሰጠ በፍጥረት መሆኑን ይወቅ፤ ጥምቀት ያድሰዋል እንጂ አይጀምረውም። ብር ቢጠቍር መልኩ ይደበዝዛል፤ ብርነቱ ግን አይቀርም። ስለዚህ የሚያገኘንን ሰው ሁሉ አስቀድመን ሰላም እንበለው፤ ስሙንም እንጠይቀው፤ ዋጋውን የሚያውቅ መልኩን የቀረጸው ብቻ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።