ባሕር የተሻገረ ጠጅ

በኮሎራዶዋ አውሮራ፣ በሃቫና ጎዳና አካባቢ ባሉ የሐበሻ ሱቆች፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን የደረቀ ጌሾ ይሸጣል። ጌሾው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ማሩ ግን የኮሎራዶ ንብ ማር ሊሆን ይችላል፤ ውኃውም በአብዛኛው ከሮኪ ተራሮች በረዶ ቀልጦ የወረደ ነው። በወይራ የታጠነውን ጋን ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ በርሜል ተክቶታል። ታዲያ ዴንቨር ውስጥ ለሠርግና ለፋሲካ የሚጣለው፣ ጠጅ ነው ወይስ የጠጅ አምሳያ?

በጠጁ ላይ የሚሰጠው ፍርድ እዚያው ለተወለደው ልጅም ይተርፋል። «የአገሩን አፈር ያልቀመሰ ምኑ የአገር ነው?» የሚል ሰው ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ይመዝናል።

አፈርን ዳኛ በማድረግ የወይን ጠጅ አዋቂዎችን የሚያህል የለም። ፈረንሳዮች ወይናቸውን በበቀለበት ቀዬ ስም ይጠሩታል። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ የአውሮፓን ወይን ከሥሩ ሲያጠፋ፣ መፍትሔ የሆነው የነባሩን ወይን ቀንበጥ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ መቀጠል ነበር። ዛሬም አብዛኛው የቦርዶ ቀይ ወይን የቆመው ከባሕር ማዶ በመጣ ሥር ላይ ነው፤ ቦርዶነቱን የሚክደው ግን የለም።

በአንጻሩ አገር ቤት፣ ማር ሲወደድ ስኳር የሚቀላቅሉ ጠጅ ቤቶች አሉ። ጌሾው፣ ውኃው፣ ብርሌው ሁሉ የአገሩ ነው፤ የጎደለው ማሩ ነው። አፈሩ ሳይለወጥ ጠጁ ተለወጠ።

«እንግዲያስ ሁሉም ጠጅ ነው» ማለት ግን አይደለም። ጌሾ ያልገባበት የማር ውኃ ብርዝ ነው። ነጭ ወይን በማር አጣፍጦ «ጠጅ» ብሎ መቅዳትም ውሸት ነው። ስሙ ቃል ኪዳን ነው፤ ቃሉም ማር፣ ውኃ፣ ጌሾና ትዕግሥት ነው።

የአሜሪካ ሕግ ሁለት አዋቂዎች ባሉበት ቤት፣ ለሽያጭ እስካልዋለ ድረስ፣ በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ገደማ፣ ወይን ጠጅ ለመጥመቅ ይፈቅዳል። ሕጉ መጠኑን ይለካል፤ የባለሙያዋን ቃል ግን ጓዳ ገብቶ አይጠብቅላትም።

ጎጃም ወይም ጎንደር ያደጉት እንግዳ ቢታለሉ፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብለው ያውቁታል። አውሮራ ተወልዶ 21 ዓመት የሞላው ወጣት ግን የሚያነጻጽርበት ትዝታ የለውም፤ የተቀዳለት ሁሉ «የእናቴ አገር ጠጅ» ሆኖ ይቀርበታል። እውነቱ ከማንም ይልቅ የሚገባውም ለእሱ ነው፣ ልዩነቱን ለማያውቀው።