ሐሙስ የሚረከበው ሽጉጥ

ጠያቂው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ማታ ማታ ኡበር የሚነዳ ጎልማሳ ነው። መላሹ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በአካባቢው ሐበሻ ዘንድ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ዕቁብ ሲፈርስ፣ ልጅ ሲያስቸግር ይጠራሉ። ስም አላስፈለገንም።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነው የመጣሁት። ሽጉጥ ልገዛ ነው።

መላሽ፦ «ልገዛ ነው» ወይስ «ልግዛ ወይ»?

ጠያቂ፦ መሀል ላይ ነኝ። የአራት ሰዓቱን ሥልጠና ወስጃለሁ፣ አሻራ ሰጥቻለሁ፣ የመግዣ ፈቃዱም ወጥቶልኛል። ሱቅ ሄጄ መርጬ ቀብድ ከፍያለሁ። ሜሪላንድ ሰባት ቀን ስለምታስጠብቅ የምረከበው ሐሙስ ነው። ባለቤቴ ግን «ጋሼን ሳታማክር ቤቴ አይገባም» አለችኝ።

መላሽ፦ እኔ ለእሷም ለአንተም ልፈርድ አልተቀመጥኩም። መጀመሪያ ይህን ንገረኝ፤ የምትፈራው ማንን ነው? «ሌባ» ብለህ እንዳትመልስልኝ። ስንት ሰዓት ላይ፣ የት ቦታ፣ ምን ሊያደርግህ ሲመጣ ነው የሚታይህ?

ጠያቂ፦ መኪና ውስጥ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም፣ ዲሲ ውስጥ ሰው አውርጄ ስልኬን ሳይ። አብሮኝ የሚነዳ ልጅ ላይ እንደዚያ ነው የመጡበት። መስኮቱን አንኳኩተው አፈሙዝ ደቀኑበት። መኪናውን ሰጥቶ በእግሩ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቀይ መብራት ላይ ሰው ባጠገቤ ሲያልፍ ልቤ ይመታል።

መላሽ፦ በከንቱ አልፈራህም። እ.ኤ.አ. በ2023 ዲሲ ውስጥ ብቻ ከ900 በላይ መኪና በኃይል ተቀምቷል። በቀጣዩ ዓመት በግማሽ ያህል ወርዷል፣ ግን ለተቀማው ሰው ቁጥሩ ወረደ አልወረደ ምን ይረባዋል። እንግዲህ ፍርሃቱ መኪናው ውስጥ ከሆነ ሽጉጡም እዚያው መሆን አለበት። ይዘኸው ልትነዳ ነው?

ጠያቂ፦ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

መላሽ፦ ኡበር ሾፌሩም ተሳፋሪውም መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። ይሄ ቀላሉ ነው፤ ቢያባርሩህ ሌላ እንጀራ ትፈልጋለህ። ከባዱን ልንገርህ። በአንድ ሌሊት ስንት ወሰን ትሻገራለህ? ከቤትህ ስትነሳ ሜሪላንድ ነህ። አሥራ ስድስተኛውን መንገድ ይዘህ ስትወርድ፣ ምልክቱን እንኳ ሳታስተውለው ዲሲ ገባህ። ፖቶማክን ተሻግረህ ሬገን ኤርፖርት ሰው ስታነሳ ደግሞ ቨርጂንያ ነህ። እንጀራህ ያለው ሦስት ሕግ መሀል ነው። አሁን ያወጣኸው ፈቃድ ለመግዛት እንጂ ታጥቆ ለመዞር አይደለም፤ ለዚያ ሜሪላንድ ሌላ ፈቃድ አላት፣ ሥልጠናውም አሥራ ስድስት ሰዓት ነው። እሱንም ብታወጣ ዲሲ አታውቅልህም። የራሷን ፈቃድ ካልያዝክ ሽጉጥ ታጥቀህ መንገድ ላይ መገኘትህ ብቻ እስከ አምስት ዓመት ሊያሳስርህ ይችላል።

ጠያቂ፦ ተቆልፎ ከኋላ ከተቀመጠ ይፈቀዳል ብለውኛል እኮ።

መላሽ፦ ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሆኖ፣ ከሚፈቀድልህ ቦታ ወደሚፈቀድልህ ቦታ ስታልፍ ነው። መስኮትህን የሚያንኳኳውን ልጅ «አንዴ ቆየኝ፣ ከኋላ ላምጣ» ልትለው ነው?

ጠያቂ፦ እውነትዎን ነው።

መላሽ፦ ታጥቀኸው ነበር እንበል። የእሱ አፈሙዝ ቀድሞ መስታወትህ ላይ አርፏል፤ አንተ ገና ቀበቶህን ልትፈታ ነው። ማን የሚቀድም ይመስልሃል? ደግሞም በዚህ ነገር ከተያዙት ብዙዎቹ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። ቀድመህ ብትጥለውስ? መብራቱ በርቶ ፊቱን ስታየው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። እኔ በጦርነት የጣልኩትን ሰው እስከ ዛሬ ንስሐ አባቴ ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ፤ እሱ እንኳ ሊገድለኝ የመጣ፣ ጢም ያወጣ ወታደር ነበር። ለመኪናው ኢንሹራንስ አለህ፤ ስጣቸውና ውረድ። ሰው እንዳወረድክ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ቆመህ ስልክ አትይ፤ በሩን ቆልፈህ ነዳጅ ማደያ መብራት ሥር ሂድና እይ። ዜግነት አግኝተሃል?

ጠያቂ፦ ገና ነው። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ።

መላሽ፦ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሐበሻ የማይነቃው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መግዛት ይችላል፤ በቪዛ ያለው ግን ከጥቂቶች በቀር አይችልም። እሺ ገዛህ። ዜጋ ያልሆነ ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ግን የኢሚግሬሽን ሕጉ በዚያ ብቻ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ሳትተኩስ፣ ማንንም ሳታስፈራራ፣ ታጥቀህ ወሰን ስለተሻገርክ ብቻ ማለት ነው። ዜጋ የሆነው ጎረቤትህ ጠበቃ ይዞ የሚወጣበት ጣጣ አንተን ከልጅህ ይለይሃል። የገዢው ቅጽም ቀልድ የለውም፤ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቅመው ወገን «እኔ ዕፅ የሚባል አልነካም» ብሎ ይፈርማል፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መዝገብ ላይ ነው የተጻፈው። አንተን አላልኩም።

ጠያቂ፦ እኔ እንኳ ትቻለሁ። እሺ ጋሼ፣ የመኪናው ይቅር። ቤቴስ? ቤቴን መጠበቅ መብቴ አይደለም?

መላሽ፦ መብትህ ነው እንጂ! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤት ውስጥ ራስን ለመከላከል ሽጉጥ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ብሎ ፈርዷል፤ ክርክሩም የተነሳው እዚሁ ዲሲ ነበር። በል ቤትህ አስገባኝ። የት ነው የምታስቀምጠው?

ጠያቂ፦ አልጋዬ አጠገብ ኮሞዲኖው ውስጥ። በቁጥር የሚከፈት ትንሽ ካዝና ገዝቻለሁ።

መላሽ፦ ቁጥሩ ስንት ነው?

ጠያቂ፦ ከእርስዎ ምን ይደበቃል፤ የልጄ የልደት ዓመት ነው።

መላሽ፦ ስልክህስ በምንድን ነው የሚከፈተው?

ጠያቂ፦ በዚያው ነው።

መላሽ፦ ልጅቱ ስልክህን ከፍታ አትጫወትበትም?

ጠያቂ፦ ትጫወታለች።

መላሽ፦ ስንት ዓመቷ ነው?

ጠያቂ፦ ዘጠኝ። ቁጥሩን እቀይረዋለሁ ጋሼ።

መላሽ፦ ትቀይረዋለህ። ሕጉም ያስገድድሃል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መሣሪያ መተው ወንጀል ነው። አሁን ግን ችግሩን እየው። አጥብቀህ ቆልፈህ፣ ጥይቱን ለብቻው ካስቀመጥክ፣ ሌሊት በር ሲሰበር ከእንቅልፍህ ባነህ፣ መነጽርህን ፈልገህ፣ ቁጥሩን አስታውሰህ፣ ጥይት አጉርሰህ ነው የምትደርሰው። ለራስህ ካቀለልከው ደግሞ ለሁሉም ቀለለ። ሻጩ ይህን አይነግርህም፤ እንደ ሁለት ምርጫ ሳይሆን ሁለቱም ባንድ ላይ እንደሚገኙ አድርጎ ነው የሚሸጥልህ።

ጠያቂ፦ አያቴ ግን ምንሽራቸውን ምሰሶ ላይ ሰቅለው ነው የኖሩት። ስንት ልጅ አሳድገዋል፤ አንድም ቀን አደጋ ደረሰ ሲባል አልሰማሁም።

መላሽ፦ የባረቀበት ቤት አያወራም፣ ስለዚህ አትሰማም። እኔ ሠርግ ላይ ለደስታ የተተኮሰ ጥይት ሚዜ ሲጥል በዓይኔ አይቻለሁ፤ «ዕድሉ ነው» ተባለ፣ ተቀበረ። ደግሞ አያትህ ያን ጠመንጃ የያዙት ለሌባ መሰለህ? ለወሰን ነው፣ ለደመኛ ነው፣ ዘመቻ ሲጠራ ለመነሳት ነው። ጠመንጃ ስታይ ደረትህ ቢነፋ አልፈርድብህም፤ የእኔም ይነፋል። ይልቅ ወታደር ቤት ያየሁትን ልንገርህ። እኔ በነበርኩበት ክፍል ከጥበቃ ስንወርድ መሣሪያችንን ለግምጃ ቤቱ አስረክበን፣ ቁጥሩ በመዝገብ ተይዞ ነበር የምንተኛው። ሁላችንም ሥልጡን ተኳሾች ነን እኮ! ስለ ምን ቢሉ፣ ሰው ጠጥቶ ሲገባ፣ ከቤት ክፉ ደብዳቤ ሲደርሰው፣ በአለቃው ተሰድቦ ሲያድር ጠዋት የነበረው ሰው አይደለም። አዛዣችን ከጠላት ይልቅ የእኛን ሌሊት ነበር የሚፈራው። አንተ ቤት ሌሊቱን የሚያድረው ማን ማን ነው?

ጠያቂ፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጃችን። ቤዝመንት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ አለ።

መላሽ፦ እሱ ልጅ እንዴት ሆነ? ቤተ ክርስቲያን ካየሁት ቆየሁ።

ጠያቂ፦ ከሚስቱ ጋር ከተለያዩ ወዲህ ሥራውንም ትቷል። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ሌሊት ውጪ ቆሞ ያጨሳል። ምግብ አንኳኩተን ነው የምንሰጠው። ባለፈው ሳምንት እንኳ የመኪናውን ቁልፍ አምጥቶ «ውሰዳት፣ ለእኔ ከእንግዲህ ምን ታደርግልኛለች» አለኝ። እየቀለለው መጥቷል መሰለኝ፣ ትንሽ ፈገግ ይላል።

መላሽ፦ ይህን ሁሉ ይዘህ ነው ስለ ሌባ የምታወራኝ?

ጠያቂ፦ ምን ማለትዎ ነው?

መላሽ፦ ሥራ የተወ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ሰው የሸሸ፣ አሁን ደግሞ ንብረቱን የሚያድል ሰው። ድንገት መረጋጋቱን ደስታ አድርገህ አትየው፤ አንዳንዱ የሚረጋጋው ቆርጦ ሲጨርስ ነው። እንደዚያ ነው ብዬ አልምልብህም፣ ግን እንደዚያ አይደለም ብዬም ሽጉጥ ከራሱ በላይ ባለ ፎቅ አላስቀምጥበትም። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2022 በጥይት ከሞቱት 48 ሺ ከሚበልጡ ሰዎች ከ27 ሺ በላይ የሚሆኑት በገዛ እጃቸው ነው የሞቱት። በቴሌቪዥን የምታየው ግድያው ነው፤ ይኸኛው ዕድርም ውስጥ «በድንገተኛ ሕመም» ተብሎ ነው የሚለፈፈው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች ሚሊዮኖችን አሥራ ሁለት ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በገዛ ጥይታቸው የመሞት ዕድላቸው ስምንት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል።

ጠያቂ፦ ግን ጋሼ፣ መሞት የፈለገ ሰው መሣሪያ ቢያጣ ሌላ መንገድ ያጣል?

መላሽ፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ እኔም ብዙ ዘመን እንደዚያ እል ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ያ ክፉ ሐሳብ ሲብስ ብዙ ጊዜ የሰዓታት፣ አንዳንዴም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሞክረው ከተረፉት ውስጥ አብዛኞቹ ኋላም በራሳቸው እጅ አይሞቱም፤ ይኖራሉ፣ ይወልዳሉ። በጥይት የሞከረ ግን ከአሥር ዘጠኙ ያህል አይተርፍም። ልዩነቱ ይሄው ነው፤ መትረፊያ ጊዜ አይሰጥም።

ጠያቂ፦ ካዝናውን ሌላ ቁጥር ሰጥቼ ብቆልፈውስ?

መላሽ፦ አብሮህ ያደገ ወንድምህ ነው። የእናትህን ሙት ዓመት፣ የድሮ ስልካችሁን፣ ሁሉን ያውቃል። ከሌባ ይሰውራል እንጂ ከወንድም የሚሰውር ቁጥር ታወጣለህ?

ጠያቂ፦ (ዝም ብሎ ቆየና) ስለዚህ ማንም ሽጉጥ አይያዝ ነው የሚሉት?

መላሽ፦ አላልኩም። ፖሊስ በአንድ ሰዓት የማይደርስበት ገጠር የሚኖር፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰክርም የሚከፋም የሌለበት፣ ልጅ የሌለው፣ በየጊዜው ሄዶ የሚለማመድ ሰው ቢጠይቀኝ ሌላ ነገር እመልስለት ነበር። ለአንተ የምመልስልህ ግን በአንተ ቤት ልክ ነው፤ አንተ ቤት ደግሞ ሌባው ገና አልመጣም፣ ወንድምህ ግን ቤዝመንት አለ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ለእሱ ምን ላድርግ? ባለቤቴ ጸበል እንውሰደው ትላለች።

መላሽ፦ ጸበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም ይሁን፤ አይጣሉም። መጀመሪያ ግን ዛሬውኑ ውረድና አጠገቡ ተቀመጥ። አትምከረው። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ወይ?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው።

ጠያቂ፦ እንዴት እንደዚያ ይባላል? ያላሰበውን ባሳስበውስ?

መላሽ፦ አታሳስበውም። ይልቅ የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ ይተነፍሳል። «አዎ» ካለህ እንዳትደነግጥበት፣ እንዳትቆጣውም፤ ብቻውን አትተወው። 988 ደውሉ፤ እንዲህ ላለ ጭንቅ የተዘጋጀ የእርዳታ መስመር ነው፣ ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ፣ እንግሊዝኛው ከከበደው አስተርጓሚ ጠይቁለት። አስቸኳይ ከሆነ ሆስፒታል ይዘኸው ሂድ። መኪናዋን ደግሞ «ለአንተ እስክትድን አስቀምጥልሃለሁ» በለው፤ ወሰድኩልህ አትበል።

ጠያቂ፦ አብረውኝ ቢመጡስ? እርስዎን ያከብራል።

መላሽ፦ ነገ ከሥራ በፊት እመጣለሁ። ዛሬ ግን አንተ ነህ የምትወርደው፤ ሽማግሌ ይዘህ ከገባህ የተከሰሰ ይመስለዋል። ቤትህን ማጠንከር ከፈለግህ ደግሞ በዚያው የበርህን መቃን አየዋለሁ። እዚህ አገር መቀርቀሪያው የሚገባበት ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ የተያዘው በአጫጭር ብሎን ነው፤ አንድ ርግጫ ይበቃዋል። የግድግዳው እንጨት ድረስ የሚገባ ረጅም ብሎን ጥቂት ዶላር ነው፣ ብሎን መፍቻ እኔ አለኝ። ከጓሮ በኩልም ሰው ሲያልፍ የሚበራ አምፖል እንሰቅላለን።

ጠያቂ፦ ቀብዱስ ጋሼ? ሁለት መቶ ዶላር እኮ ከፍያለሁ።

መላሽ፦ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ደውልና «ሐሳቤን ለውጫለሁ» በላቸው። ከመለሱልህ መለሱልህ፤ ካልመለሱልህ ለሚስትህ የምትነግራትን እኔ አዘጋጅልሃለሁ።